በበር ያልገባው ብረት

«ጤፉ ይሆን እንዴ?» አሉኝ የልጁ እናት። ገላን ኮንዶሚኒየም፣ የብሎካችን ደረጃ ላይ ነበርን። እኔ ከተረኝነት ተመልሼ ቁልፌን እፈልጋለሁ፤ እሳቸው የሐኪም ወረቀት በፌስታል ጠቅልለው ይጠብቁኛል። ወረቀቱ የልጃቸው ልብ ውስጥ ያለው የብረት መጠን በኤምአርአይ እንዲለካ ያዛል። የኤምአርአይ ባለሙያ መሆኔን ከጎረቤት ሰምተዋል። ጤፍ ብረት እንዳለው ደግሞ ከጤና ጣቢያም ከሬዲዮም ሰምተዋል። ሁለቱን አገናኝተው ሌሊቱን ሲያብሰለስሉት ያደሩት ይህን ነው፦ 19 ዓመት ሙሉ በእጄ ያጎረስኩት እንጀራ ነው ወይ ልቡ ላይ የተከመረው?

«እንጀራው ምንም አላደረገውም፣ እትዬ» አልኳቸው። በዚያ ብቻ አላመኑኝም፤ እናት ናቸውና አልፈርድባቸውም። ደረጃው ላይ ተቀምጠን ያወራነውን ነው እዚህ የምጽፈው፣ በሥራዬ የተማርኩትን ጨምሬበት። የእሳቸውና የልጃቸው ማንነት እንዳይለይ አንዳንዱን ነገር ለውጫለሁ።

የጤፍ ብረት የታወቀ ነው። ስዊድናዊው ሐኪም ይንግቬ ሆፍቫንደር አገራችን ውስጥ አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተመው ሥራ የኢትዮጵያውያን የዕለት ምግብ በመቶዎች ሚሊግራም የሚቆጠር ብረት ሊይዝ እንደሚችል አሳይቷል። ለሰው ከሚያስፈልገው እጅግ ይበልጣል። ግን አብዛኛው የእህሉ የራሱ አይደለም፤ አውድማ ላይ በበሬ ሲወቃ ከአፈር የሚቀላቀል ነው። የጤፍ ፍሬ ደቃቅ ስለሆነ የቱንም ያህል ቢነፋ አፈሩ ተለይቶ አያልቅም። የአፈሩን ብረት ደግሞ አንጀት እምብዛም አይቀበለውም፤ እንደገባ ይወጣል። ጤናማ ሰው በቀን ከምግቡ የሚወስደው ብረት 1 ወይም 2 ሚሊግራም ነው፤ በላብ፣ በቆዳ ቅርፊትና በአንጀት ሽፋን የሚያጣውም ያንኑ ያህል ነው። አንጀታችን ዘበኛ ያለው በር ነው ማለት ይቻላል። ዘበኛው ጉበት የሚሠራው ሄፕሲዲን የሚባል ሆርሞን ነው፤ ጎተራው ሲሞላ በሩን ይዘጋዋል።

በሩ ይህን ያህል መጠበቁ ያለ ምክንያት አይደለም። መላ ሰውነታችን ውስጥ ያለው ብረት 3 ወይም 4 ግራም፣ አንድ ሚስማር የሚያክል ነው፤ ትርፍ ሆኖ ከገባ ግን ማስወጫ መንገድ የለንም። ኩላሊት ጨውን እንደሚያስወግድ ብረትን የሚያስወግድ አካል አልተሰጠንም። እኛ ሰፈር ብረት ሲገባም ሲወጣም ነው የሚውለው። ከአቃቂና ከገላን ፋብሪካዎች ፌሮ የጫኑ ከባድ መኪኖች መንገዱን ሞልተውት ያልፋሉ፤ ጠዋት ደግሞ በብሎኮቹ መካከል «ቁራሌው!» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ሰውየው የተጣመመ ሚስማር፣ የዛገ ቆርቆሮ፣ የተበሳ ድስት ሰብስቦ ይሄዳል። ሰውነታችን ግን ቁራሌው የለውም። ይህን ስነግራቸው ነው እናትየው ቀና ብለው ያዩኝ። «ታዲያ በየት ገባ?»

በክንዱ ነዋ። ልጁ መቅኒው ደም ማምረት ያቆመ ታካሚ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ፊቱ ነጥቶ፣ ድዱ እየደማ፣ ደረጃ መውጣት አቅቶት ነበር ሆስፒታል የገባው። ከዚያ ወዲህ በየወሩ 2 ከረጢት ደም ይወስዳል። አንድ ከረጢት ደም ከ200 እስከ 250 ሚሊግራም ብረት ይይዛል፤ ቀይ ሕዋሶቹ ዕድሜያቸውን ጨርሰው ሲፈርሱ ብረቱ እዚያው ይቀራል። ሦስት ዓመት፣ 72 ከረጢት፤ ሲሰላ ከ14 ግራም በላይ ነው። ሌላ ሰው በሕይወት ዘመኑ ከሚይዘው ሦስት አራት እጥፍ ማለት ነው፤ በበሩ ሳይሆን በመርፌ፣ ዘበኛው ሳያየው የገባ። ደሙ ባይሰጠው ኖሮ ልጁ ዛሬ የለም። ደም የለገሱለትን ሰዎች አያውቃቸውም፤ እናቱ ግን በጸሎታቸው አይረሷቸውም። ስለዚህ የምናወራው ስለ ደሙ ክፉነት አይደለም። ደሙ ይዞት የመጣውን ዕቃ ማን ያስወጣ ነው ጥያቄው።

አንድ ያስደነገጠኝ ነገር ደግሞ ነበር። እናትየው ልጁ ደም አነሰው ሲባል ደም እንዲሞላለት ብለው በየቀኑ የቀይ ሥር ጭማቂ ይሰጡት ነበር፤ ይኸስ ግድ የለም። ከዚያም አልፎ ከመድኃኒት ቤት የብረት ክኒን ገዝተው ለወራት አስዋጡት። እኛ አገር «ደም ማነስ» ሲባል መድኃኒቱ ብረት ነው ተብሎ ስለሚታመን ሰው አይፈረድበትም። ለብዙ ነፍሰ ጡሮችና ሕፃናት እውነት ነው። በተደጋጋሚ ደም ለሚወስድ ሰው ግን ሞልቶ በሚፈስ በርሜል ላይ ውኃ መጨመር ነው።

ትርፉ ብረት መጀመሪያ ጉበት ውስጥ ይከማቻል። ከዚያ ወደ ልብና የስኳር ሆርሞን ወደሚያመነጨው እጢ ይሻገራል። ጉበት ታጋሽ ነው፤ ልብ ግን ትዕግሥቱ አታላይ ነው። ብረቱ በውስጡ እየተከማቸ በአልትራሳውንድ ሲታይ ደህና እየመታ ይገኛል። መድከም ሲጀምር ቀኑ መሽቷል።

ሐኪሞች ለረጅም ዘመን የሚመሩት በደም ውስጥ በሚለካውና የብረት ክምችትን በሚጠቁመው ፌሪቲን ነበር፤ አሁንም ብዙ ቦታ ያለው እሱ ብቻ ነው። ፌሪቲን ይጠቅማል፣ ግን ኢንፌክሽን ሲኖርም ከፍ ይላል፤ ልብ ውስጥ ስላለው ደግሞ በደንብ አይናገርም። እ.ኤ.አ. በ2001 በለንደኑ ሮያል ብሮምፕተን ሆስፒታል እነ አንደርሰንና ፔኔል ያሳተሙት ጥናት ነው ነገሩን የለወጠው። ታላሴሚያ የሚባል የደም በሽታ ያለባቸውንና ዕድሜ ልካቸውን ደም የሚወስዱ ሰዎችን በኤምአርአይ ሲለኩ፣ የልብ ብረት ከፌሪቲንም ከጉበት ብረትም ጋር አብሮ እንደማይሄድ አገኙ። ጉበቱ የጸዳ ሰው ልቡ ብረት ሞልቶ ተገኝቷል። ከዚያ በኋላ የመጣውን ቁጥር ለሥራ ባልደረቦቼ ደጋግሜ እነግራለሁ፦ እ.ኤ.አ. ከ2000 ወዲህ በብሪታንያ በታላሴሚያ ታካሚዎች ዘንድ በብረት መከማቸት ምክንያት የሚደርሰው ሞት በ71 በመቶ ቀነሰ። ብረትን የሚያስወጡት መድኃኒቶች መሻሻላቸውም ድርሻ አለው፤ ግን ማን በቶሎ መድኃኒት እንደሚያስፈልገው ለይቶ ያሳየው ይህ ልኬት ነው። ታላሴሚያ እኛ ዘንድ ብዙም አይታይም። መቅኒያቸው የደከመባቸውና በሌላም ምክንያት ከወር እስከ ወር በደም የሚኖሩ ግን አሉን።

አሁን ወደ ሙያዬ ልግባ። ኤምአርአይ ብረትን በቀጥታ አያይም፤ የሚያየው በሰውነት ውኃ ውስጥ ያለውን ሃይድሮጂን ነው። የሠርግ ቤት ጭብጨባን አስቡ። ሲጀመር ሁሉም አንድ ላይ ያጨበጭባል፣ ድምፁ ቤቱን ያናጋል። ቆይቶ አንዱ ይቀድማል፣ ሌላው ይዘገያል፤ ጭብጨባው ይበተንና ይደበዝዛል። ሃይድሮጂኖቹም የሬዲዮ ሞገድ ስንልክባቸው እንዲሁ ናቸው። በመካከላቸው ብረት ካለ እያንዳንዷ ቅንጣት የራሷ ትንሽ ማግኔት ሆና አጠገቧ ያሉትን ታወካለች፤ ጭብጨባው ቶሎ ይበተናል። የሚበተንበትን ፍጥነት የሚነግረን ጊዜ ቲ-ቱ-ስታር ይባላል፤ በሚሊሰከንድ ይለካል። የማግኔት ጉልበቱ 1.5 ቴስላ በሆነ ማሽን የጤናማ ልብ 40 ገደማ ነው። ከ20 በላይ ከሆነ እንረጋጋለን። ከ10 እስከ 20 ብረት መግባቱን ይናገራል። ከ10 በታች ከሆነ ለሐኪሙ በዚያው ቀን መደወል አለብን። እ.ኤ.አ. በ2009 በ652 ታካሚዎች ላይ የታተመ ጥናት ከ6 በታች ከነበሩት 47 በመቶው በአንድ ዓመት ውስጥ የልብ ድካም እንደደረሰባቸው አሳይቷል።

ልጁ የመጣ ዕለት እናቱ በር ላይ ያዙኝ። ሳንቲም፣ ቀበቶ፣ የአንገት መስቀል፣ ስልክ፣ ብረት የሆነን ሁሉ አውልቆ እንዲያስቀምጥ ስናደርግ አይተዋል። «ልጄ፣ ይኼ ሁሉ ብረት ካስፈራችሁ ልቡ ውስጥ ያለውንስ ማሽኑ አይጎትተውም?» አሉኝ። በዚህ ሥራ ስኖር ከተጠየቅኳቸው ጥያቄዎች ይህን የሚያህል አላስታውስም። አይጎትተውም፤ በጣም ደቃቅ ሆኖ በፕሮቲን ተጠቅልሎ በሕዋሶቹ ውስጥ ተበትኗል፤ ማግኔቱ የሚያሳድርበት ጉልበት ከምንም አይቆጠርም። ይህን ካስረዳኋቸው በኋላ ነው እጃቸው ከልጁ ትከሻ ላይ የወረደው።

ምርመራው መድኃኒት መወጋት አይፈልግም። የልብ ምት የሚከታተሉ የኢሲጂ ገመዶች ደረት ላይ ይለጠፋሉ፤ ልብ በግማሽ ቁመቷ ላይ በአግድም ተቆርጣ የምትታይበት አንድ ስስ ምስል፣ 10 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው፣ ይመረጣል። ማሽኑ በዚያ ቦታ ላይ ስምንት ጊዜ ያዳምጣል፤ ከ2.6 ሚሊሰከንድ እስከ 16.7። ሁሉም በአንድ ትንፋሽ ውስጥ ማለቅ አለበት፤ 15 ሰከንድ ገደማ።

ሥራው ያለው እዚህ ትንፋሽ ላይ ነው። ማሽኑ በእንግሊዝኛ የተቀዳ ትእዛዝ አለው፤ እኔ አጠፋዋለሁ። ደም ያነሰው ሰው ትንፋሹ አጭር ነው፤ ባልለመደው ድምፅ ታዝዞ፣ በጠባብ ዋሻ ውስጥ፣ 15 ሰከንድ መቆየት ይከብደዋል። ስለዚህ ገና ሳይገባ አልጋው ላይ አስቀምጬው አለማምደዋለሁ። «ሳብ… አውጣ… በቃ፣ እንዳለ ያዘው።» ሳይሆን ሲቀር እንደገና። አየሩን አውጥቶ እንዲይዝ የማደርገው ሳንባው ባዶ ሲሆን ልብ በየጊዜው እዚያው ቦታ ስለምትመለስ ነው። ከውጭ ሆኜ በማይክሮፎን ሳዝዝ የራሴንም ትንፋሽ አብሬ እይዛለሁ። እኔን ካስጨነቀኝ እሱን አስጨንቆታል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ምስሉን እያየሁ አልቆጣም፣ አሳርፈዋለሁ። ልጁን ሁለት ጊዜ ሞከርን፤ ሁለቱም ጊዜ መጨረሻው ላይ አመለጠው። ሦስተኛው ላይ መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩ ተነስቶ ኮምፒውተሮቹ እስኪመለሱ ከአጠገቡ ሄጄ ቆምኩ። አራተኛው ላይ ያዘልን።

ምስሉ ከተገኘ በኋላ የት ላይ ይለካ የሚለው ይመጣል። ትክክለኛው ቦታ በግራና በቀኝ የልብ ጓዳዎች መካከል ያለው ግድግዳ ነው። በሁለቱም በኩሉ ደም ነው፤ ማግኔቱን የሚያውክ አየር የለም። የውጭኛው ግድግዳ ግን ከሳንባ ጋር ይዋሰናል፣ የልብ ደም መላሾችም በአጠገቡ ያልፋሉ፤ ብረት ሳይኖር ብረት ያለ ያስመስላሉ። ይህን በመጽሐፍ አውቀው ነበር፤ በእጄ የተማርኩት ግን በስሕተት ነው። ሥራውን በጀመርኩ ሰሞን፣ በአንድ የምርመራ ማዕከል፣ ግድግዳው ቀጥኖብኝ የመለኪያውን ክብ በሙሉው ልብ ዙሪያ አዞርኩትና 14 ጻፍኩ። ታካሚዋ ወጣት ሴት ነበረች። ከሳምንት በኋላ አንድ አንጋፋ ባልደረባ ምስሉን ከፍቶ መካከለኛውን ግድግዳ ብቻ ለካው፤ 27 ሆነ። ልቧ ጤነኛ ነበር። ያቺን ሳምንት ቤተሰቧ እንዴት እንዳሳለፋት አሁንም ትዝ ሲለኝ ይከብደኛል። ከዚያ ወዲህ የማልተማመንበትን ግድግዳ አልለካም፤ ሁለተኛ ሰው ሳያየውም ውጤት አላወጣም።

ውድ ሶፍትዌር የግድ አይደለም። ከእያንዳንዱ ምስል ላይ የግድግዳውን ብርሃን አንብቤ በኤክሴል ሰንጠረዥ ውስጥ አስገባዋለሁ። የልጁ ስምንት ቁጥሮች እነዚህ ነበሩ፦ 300፣ 240፣ 192፣ 154፣ 123፣ 99፣ 78፣ 63። እስኪ ልብ ብላችሁ እዩዋቸው። ጤናማ ልብ ቢሆን ኖሮ ከ300 ተነስቶ መጨረሻው ላይ 200 አካባቢ ይገኝ ነበር፤ ከሦስት አንዱን ብቻ ያጣል። የልጁ ከአምስት አራት እጁን አጣ። ቁጥሮቹን እያስገባሁ ገና አራተኛው ላይ መልሱን አውቄው ነበር፤ ቢሆንም እስከ ስምንተኛው አስገባሁ። ብረቱ በጣም ሲበዛ የመጨረሻዎቹ ምስሎች ጭልጥ ብለው ይጨልሙና የሚነበበው ጩኸት ብቻ ይሆናል፤ እነሱን አብሮ ማስላት ልብን ከሆነው በላይ ጤነኛ ያስመስላል፣ ስለዚህ ቆርጦ መጣል ያስፈልጋል። የልጁ እዚያ አልደረሰም። መስመሩ ሲሠራ 9 ሚሊሰከንድ ወጣ። በደረቅ ክብደት ሲሰላ በአንድ ግራም የልብ ሥጋ 3 ሚሊግራም ያህል ብረት ነው።

ውጤትን ለታካሚ መናገር የሐኪም ድርሻ ነው። ያን ቀን እናትየው በመተላለፊያው ላይ ዓይን ዓይኔን ሲያዩኝ «ሐኪሙ ዛሬውኑ ያገኘዋል፤ እሱ ይነግራችኋል» ብቻ ነበር ያልኩት። ደረጃችን ላይ ያን ሁሉ ያወራሁላቸው ሰው ዝም ስላልኳቸው ሳይገባቸው የቀረ አይመስለኝም።

ሕክምናው አለ። ብረትን ይዘው በሽንት ወይም በሰገራ የሚያወጡ ሦስት መድኃኒቶች አሉ፦ ዴፈሮክሳሚን፣ ዴፈሪፕሮንና ዴፈራሲሮክስ። የመጀመሪያው ከቆዳ ሥር በትንሽ ፓምፕ በሳምንት ከአምስት እስከ ሰባት ሌሊት፣ በየሌሊቱ ከ8 እስከ 12 ሰዓት የሚሰጥ ነው፤ ሁለቱ የሚዋጡ ናቸው። ዋጋቸው ከባድ ነው፤ ሁልጊዜም አይገኙም። ከጉበት ብረቱ በወራት ሊወጣ ይችላል፤ ከልብ ግን ዓመታት ይፈጃል። ስለዚህ የጉበቱ ብረት ወይም ፌሪቲኑ መውረዱን አይተው መድኃኒቱን የሚያቆሙ ሰዎች ያሳስቡኛል፤ ብረቱ ከልባቸው ገና አልወጣም። ልጁ መድኃኒቱን ጀመረ፤ ከዓመት በኋላ ስንለካው 11 ነበር። ሁለት ሚሊሰከንድ ናት፤ ለእኔ ግን ከባድ ሁለት ናት። ያችን ቁጥር ለማየት የተደረገውን አውቃለሁና።

ይህን ልኬት አዲስ አበባ ውስጥ ለማስፋፋት ሌላ ሕንጻ መገንባት አያስፈልግም ብዬ አምናለሁ። ደካማ ማግኔት ያላቸው ክፍት ማሽኖች ለዚህ አይሆኑም፤ 1.5 ቴስላ ያለው ቤት ግን አብዛኛው ነገር በእጁ ነው። ወረፋው በወገብና በራስ ሕመም ተይዟል፤ አውቃለሁ። የብሪታንያና የታይላንድ ሐኪሞች ባንኮክ ላይ አብረው ሠርተው እ.ኤ.አ. በ2016 ያሳተሙት ሥራ ልብና ጉበት በአንድ ላይ በ10 ደቂቃ ገደማ ሊለኩ እንደሚችሉ አሳይቷል። በሁለት የወገብ ምርመራዎች መካከል የሚገባ ጊዜ ነው። የሚጎድለው የሰለጠነ ዓይንና «ይለካ» ብሎ የሚጽፍ ሐኪም ነው፤ ሁለቱንም ማፍራት እንችላለን።

በቤታችሁ በተደጋጋሚ ደም የሚወስድ ሰው ካለ አንድ ደብተር ያዙለት። ቀኑንና የከረጢቱን ቁጥር ጻፉ፤ ሆስፒታል ቢቀየር፣ ካርድ ቢጠፋ ደብተሩ ይቀራል። ከረጢቱ ከ10 ሲያልፍ ሐኪሙን ስለ ብረቱ ጠይቁት፤ 20 እስኪሞላ አትጠብቁ። የብረት ክኒን ሐኪም ሳያዝ አትስጡ። እንጀራውን ግን ስጡት፤ ይብላ።